የጡረታ ሒሳብን መዝጋትና ማዛወር፤ ከአገልግሎት ክፍያው ይልቅ የአወጣጡ መንገድ ያስከፍላል

አንድ ሠራተኛ በሥራ ዘመኑ ከወር ደመወዙ እየቀነሰ የሚያስቀምጠው ገንዘብ የእርጅና ዘመኑ ምርኩዝ መሆኑ ይታወቃል። ይህን ምርኩዝ የሚሰብረው ግን ሁልጊዜ የገበያ መውደቅ ወይም የዋጋ ንረት ብቻ አይደለም። ባለሒሳቡ ሥራ ሲቀይር፣ ቁጠባውን ከአንድ የፋይናንስ ተቋም ወደ ሌላው ሲያዛውር ወይም ወደ ትውልድ አገሩ ሲመለስ በችኮላ በሚፈርመው አንድ ቅጽ ምክንያት ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ ሲሶው ከእጁ ሊወጣ ይችላል።

ጉዳዩ በተለይ በአሜሪካ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። ከእነዚህ ወገኖች መካከል ብዙዎቹ በሚሠሩበት ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት በኩል የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ አላቸው። ወደ አገር ቤት ለመመለስ፣ ቤት ለመሥራት ወይም መዋዕለ ንዋያቸውን በሥራ ላይ ለማዋል ሲያስቡም ይህንኑ ሒሳብ ስለመዝጋት ያነሳሉ። በኤምባሲዎችና በቆንስላ ጽሕፈት ቤቶች፣ በዲያስፖራ ጉዳይ ቢሮዎችና በባንኮች የሚሠሩ የመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎችም ጥያቄው ከባለጉዳዮች ብቻ ሳይሆን ከገዛ ዘመዶቻቸውም ሊቀርብላቸው ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሒሳቡን ለመዝጋትና ለማዛወር የሚጠየቁት ክፍያዎች ምን ምን እንደሆኑ፣ ከእነርሱም ውስጥ ከባዱ የትኛው እንደሆነና በምን መንገድ ሊቀር እንደሚችል ማስገንዘብ ነው።

በቅድሚያ በሁለቱ አገሮች ሥርዓት መካከል ያለውን ልዩነት መገንዘብ ያስፈልጋል። በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ዐቅድ በሲቪል መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ 11 በመቶ መዋጮ ያደርጋሉ። ገንዘቡ የሚገባው ወደ ጋራ ፈንድ ሲሆን አበሉም የሚሰላው በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ መጠን ላይ ተመሥርቶ ነው። እያንዳንዱ ሠራተኛ በስሙ የተከፈተ፣ ሲፈልግ የሚዘጋው ሒሳብ ስለሌለው ሒሳብ መዝጊያ የሚባል ክፍያ አይታወቅም። በአሜሪካ ግን መንግሥት ከሚያስተዳድረው የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ በተጨማሪ በሠራተኛው ስም የሚከፈቱና በግል የፋይናንስ ተቋማት የሚያዙ የቁጠባ ሒሳቦች አሉ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነዚህን የግል ሒሳቦች ነው።

ከሒሳቦቹ መካከል አንዱ አይ.አር.ኤ በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቀውና ግለሰቡ ራሱ የሚከፍተው ሲሆን፣ የተፈጠረውም እ.ኤ.አ በ1974 በወጣው የሠራተኞች ጡረታ ገቢ ዋስትና ሕግ ነው። ሌላው እ.ኤ.አ በ1978 በተሻሻለው የግብር ሕግ መነሻነት የተስፋፋውና በአሠሪዎች በኩል የሚከፈተው 401 ኬ ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ለትርፍ ባልተቋቋሙ ድርጅቶች 403 ቢ፣ በክፍላተ አገርና በከተማ አስተዳደር መሥሪያ ቤቶች 457 ቢ፣ በፌዴራል መንግሥት ደግሞ ትሪፍት ሴቪንግስ ፕላን የተሰኙት ዐቅዶች ይሠራባቸዋል። የአብዛኞቹ መሠረታዊ ባሕርይ ተመሳሳይ ነው፤ ወደ ሒሳቡ በሚገባበት ጊዜ ግብር ያልተከፈለበት ገንዘብ በሚወጣበት ጊዜ ግብር ይከፈልበታል። የመዝጋትና የማዛወር ጉዳይ ክብደት የሚያገኘውም ከዚህ የተነሳ ነው።

ወደ ክፍያዎቹ ስንመጣ የመጀመሪያው ተቋሙ ራሱ የሚጠይቀው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሒሳቡን የሚይዘው ተቋም ባለሒሳቡ ገንዘቡን በሙሉ ይዞ ሲወጣ የሒሳብ መዝጊያ ወይም የማዛወሪያ ክፍያ ሊያስከፍል ይችላል። አንዳንድ ተቋማት ምንም አይጠይቁም፤ ሌሎቹ ከ50 ዶላር እስከ 100 ዶላርና ከዚያም ጥቂት ከፍ የሚል ገንዘብ ይጠይቃሉ። ገንዘቡ በባንክ ሐዋላ የሚላክ ከሆነ የሐዋላው ዋጋ በተጨማሪ ይታሰባል። ክፍያው በአብዛኛው ከቀሪ ሒሳቡ ላይ ተቀንሶ የሚወሰድ በመሆኑ ባለሒሳቡ ካላጣራ በስተቀር መኖሩንም ላያውቅ ይችላል። ደንበኛውን የሚቀበለው አዲሱ ተቋም የቀድሞው ተቋም ያስከፈለውን የሚተካበት አሠራርም ስላለ አስቀድሞ መጠየቅ ይጠቅማል።

ይህ ክፍያ ከሒሳቡ መጠን ጋር የማይለዋወጥ ቁርጥ ያለ ገንዘብ መሆኑ ግን ልብ ሊባል ይገባል። ለአብነት ያህል 75 ዶላር የማዛወሪያ ክፍያ 40 ሺህ ዶላር ላለው ሰው ከ0.2 በመቶ ያነሰ ነው። አንድ ሺህ ዶላር ብቻ ላለው ሰው ግን 7.5 በመቶ ይሆናል። በመሆኑም ተመሳሳይ የሚመስለው ክፍያ አነስተኛ ቁጠባ ያለውን ሠራተኛ በብርቱ ይጎዳል። በየሥራ ቦታው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ በተለያዩ ሒሳቦች የተበታተነበት ሰው የመዝጊያውን ክፍያ በሒሳቦቹ ቁጥር ልክ ደጋግሞ ሊከፍል እንደሚችልም ማስታወስ ያሻል።

ሁለተኛው የክፍያ ዓይነት ቁጠባው የተቀመጠበት ውል ከጊዜው በፊት ሲቋረጥ የሚጠየቀው ነው። በተለይ በ403 ቢ ሒሳቦች ውስጥ የቆጣቢው ገንዘብ አኑዊቲ በሚባል ከመድን ድርጅት ጋር በሚደረግ ውል ላይ ይውላል። ውሉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቢቋረጥ የሚከፈለው ማቋረጫ ብዙ ጊዜ ከ7 በመቶ አካባቢ ጀምሮ በየዓመቱ አንድ አንድ በመቶ እየቀነሰ ከሰባት ወይም ከስምንት ዓመት በኋላ ያበቃል። 30 ሺህ ዶላር ያለው መምህር የማቋረጫው ክፍያ ገና 6 በመቶ ላይ ሳለ ቢያዛውር 1 ሺህ 800 ዶላር ያጣል። ስለሆነም እንዲህ ዓይነት ውል ያለው ሰው መጀመሪያ ሊያጣራ የሚገባው ማቋረጫው የሚያበቃበትን ቀን ነው። አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ወራት መታገሥ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

በክፍያ ስም የማይጠሩ ነገር ግን በመውጣት ምክንያት የሚደርሱ ሁለት ጉዳቶችም አሉ። አንደኛው አሠሪው ያዋጣውን ድርሻ ይመለከታል። ሠራተኛው ከራሱ ደመወዝ ያዋጣው ገንዘብ ሁልጊዜ የራሱ ነው። አሠሪው የጨመረለት ግን ሙሉ በሙሉ የሠራተኛው የሚሆነው በዐቅዱ የተወሰነ የአገልግሎት ጊዜ ሲጠናቀቅ ሊሆን ይችላል። በ401 ኬ ዐቅዶች ሕጉ ለአሠሪው የሚፈቅደው ቢበዛ በአንድ ጊዜ የሚጸና የሦስት ዓመት ወይም ቀስ በቀስ የሚጸና የስድስት ዓመት ገደብ ነው። የሦስት ዓመቱን ገደብ በተከተለ ድርጅት ውስጥ አሠሪው 6 ሺህ ዶላር አዋጥቶለት ገደቡ ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው የለቀቀ ሠራተኛ ስድስቱንም ሺህ ዶላር ትቶ ይወጣል። ሌላው ከሒሳቡ የተወሰደ ብድር ነው። ሠራተኛው ሳይከፍል ከለቀቀ ቀሪው ብድር ወጪ እንደተደረገ ገንዘብ ሊቆጠርና ግብር ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ ከ2018 ጀምሮ ግን በሥራ መልቀቅ ምክንያት ወጪ ተደርጎ የተቆጠረውን ብድር የዚያ ዓመት የግብር ማስታወቂያ ማቅረቢያ ጊዜ እስኪያበቃ ድረስ በሌላ የጡረታ ሒሳብ ውስጥ መተካት ተፈቅዷል።

ከላይ የተዘረዘሩት ሁሉ ተደምረውም ብዙውን ጊዜ ግብሩና ቅጣቱ ከሚወስዱት ጋር አይወዳደሩም። ይህንኑ በቁጥር ማየት ይቻላል። ዕድሜው 42 ዓመት የሆነ፣ በ401 ኬ ሒሳቡ 40 ሺህ ዶላር ያለው ሠራተኛ ሥራውን ለቀቀ እንበል። ከሌላ ገቢው ጋር ሲደመር ይህ ገንዘብ በሙሉ የሚያርፈው በ22 በመቶው የፌዴራል ገቢ ግብር እርከን ውስጥ እንደሆነም እንውሰድ። ሠራተኛው ሦስት መንገዶች አሉት።

የመጀመሪያው መንገድ ሒሳቡን ዘግቶ ገንዘቡን በእጁ መቀበል ነው። በዚህ ጊዜ ዐቅዱ 20 በመቶ፣ ማለትም 8 ሺህ ዶላር፣ ለግብር ቀንሶ ለመንግሥት ያስገባል፤ ለሠራተኛው 32 ሺህ ዶላር ይሰጠዋል። ብዙዎች ጉዳዩ በዚህ ያለቀ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ የዓመቱ ግብር ሲሰላ የገቢ ግብሩ 8 ሺህ 800 ዶላር፣ ከ59 ዓመት ተኩል በፊት በማውጣቱ የሚጨመረው 10 በመቶ ደግሞ 4 ሺህ ዶላር ይሆናል። ድምሩ 12 ሺህ 800 ዶላር ነው። ስለሆነም ሠራተኛው አስቀድሞ ከተቀነሰው ሌላ 4 ሺህ 800 ዶላር ይፈለግበታል፤ በመጨረሻ የሚቀረውም 27 ሺህ 200 ዶላር ነው። የክፍለ አገር ገቢ ግብር ባለበት አካባቢ ከዚህም ያንሳል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ከመደበኛው የገቢ ግብሯ በተጨማሪ የራሷን 2.5 በመቶ ቅጣት ትጥላለች።

ሁለተኛው መንገድ ገንዘቡን በእጅ ተቀብሎ በ60 ቀናት ውስጥ ወደ ሌላ የጡረታ ሒሳብ መልሶ ማስገባት ነው። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፤ ወጥመድም አለበት። ሠራተኛው የተቀበለው 32 ሺህ ዶላር ሆኖ ሳለ ከግብር ሙሉ በሙሉ ለመዳን መመለስ ያለበት 40 ሺህ ዶላር ነው። የተቀነሰውን 8 ሺህ ዶላር ከኪሱ ካሟላ ገንዘቡ በዓመቱ የግብር ስሌት ይታሰብለታል። ማሟላት አቅቶት 32 ሺሁን ብቻ ካስገባ ግን ስምንቱ ሺህ እንደወጣ ገንዘብ ተቆጥሮ 1 ሺህ 760 ዶላር ግብርና 800 ዶላር ቅጣት፣ በድምሩ 2 ሺህ 560 ዶላር ይታሰብበታል። 60ው ቀን ካለፈ ደግሞ ሕጉ ከሚቀበላቸው የተወሰኑ ምክንያቶች በስተቀር ወደ መጀመሪያው መንገድ ውጤት ይመለሳል።

ሦስተኛው መንገድ በቀጥታ ማዛወር ነው። ገንዘቡ በባለሒሳቡ እጅ ሳይገባ ከአንዱ ተቋም ወደ ሌላው ይተላለፋል። የ20 በመቶ ቅናሽ የለም፤ በዚያን ጊዜ የሚከፈል ግብርም ሆነ ቅጣት የለም። ተቋሙ 75 ዶላር ቢያስከፍል እንኳ 39 ሺህ 925 ዶላር በአዲሱ ሒሳብ ይገኛል። በእርግጥ ግብሩ ተላለፈ እንጂ አልተሰረዘም፤ ሠራተኛው በጡረታ ዘመኑ ገንዘቡን ሲያወጣ በዚያን ጊዜ ባለው ገቢው ልክ ይከፍላል። ሆኖም አራቱ ሺህ ዶላር ቅጣት ጨርሶ ይቀራል፤ ቀሪው ገንዘብም እስከዚያው ድረስ ሥራ ላይ ይቆያል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው መንገድ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ በቼኩ ላይ የተጻፈው ስም ብቻ ነው። ቼኩ በባለሒሳቡ ስም ከተጻፈ ገንዘቡ በእጁ እንደገባ ይቆጠራል። ለባለሒሳቡ ጥቅም ተብሎ በአዲሱ ተቋም ስም ከተጻፈ ግን በፖስታ ለባለሒሳቡ ቢላክለትም እንኳ ቀጥታ ዝውውር ነው። ለዚህም ነው ጉዳዩን አዲሱን ሒሳብ ከመክፈትና ከተቀባዩ ተቋም የዝውውር መመሪያ ከማግኘት መጀመር የሚመከረው።

ከአይ.አር.ኤ ወደ አይ.አር.ኤ በሚደረግ እንቅስቃሴም የ60 ቀናቱ አሠራር በ12 ወራት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። እ.ኤ.አ ከ2015 ወዲህ ገደቡ የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ ሒሳብ ሳይሆን ሰውየው ላሉት አይ.አር.ኤዎች ሁሉ በአንድነት ነው። በቀጥታ የሚደረገው ዝውውር ግን በቁጥር አልተገደበም።

ከ10 በመቶው ቅጣት ነፃ የሚያደርጉ ሁኔታዎችም አሉ። 55 ዓመት በሚሞላበት ዓመት ወይም ከዚያ በኋላ ሥራውን የለቀቀ ሠራተኛ ከዚያው አሠሪ ዐቅድ ያለ ቅጣት ማውጣት ይችላል። ገንዘቡን አስቀድሞ ወደ አይ.አር.ኤ ካዛወረ ግን ይህ መብት አብሮት አይሄድም። ስለዚህ በዚህ የዕድሜ ክልል ያለ ሰው ለማዛወር መቸኮል የለበትም። በክፍለ አገርና በከተማ መንግሥታት የ457 ቢ ዐቅድ ውስጥ ያለ ሠራተኛም ሥራ ከለቀቀ በኋላ የሚያወጣው በዐቅዱ ያጠራቀመው ገንዘብ በማናቸውም ዕድሜ ቢሆን ይህ ቅጣት የለበትም። ለሁለቱም የገቢ ግብሩ እንዳለ ይቆያል።

አነስተኛ ቁጠባ ያላቸው ሠራተኞች ዝም ማለታቸውም ዋጋ ሊያስከፍላቸው ይችላል። ሠራተኛው ለቆ ሳለ ምርጫውን ካላሳወቀ፣ ቀሪው ከአንድ ሺህ ዶላር የማይበልጥ ከሆነ ዐቅዱ ሒሳቡን ዘግቶ ቼክ ሊልክለት ይችላል። ከዚያ በላይ እስከ 7 ሺህ ዶላር ከሆነ ደግሞ በስሙ ወደተከፈተ አይ.አር.ኤ ሊያዛውረው ይችላል። ይህ ጣሪያ እ.ኤ.አ እስከ 2023 መጨረሻ 5 ሺህ ዶላር ነበር። አድራሻውን ሳያሳውቅ ከተማ ወይም አገር የቀየረ ሰው ቼኩ ሳይደርሰው ሊቀር፣ ወይም ገንዘቡ የት እንዳለ ሊጠፋበት ይችላል።

ወደ ኢትዮጵያ የሚመለሱ ወገኖች ተጨማሪ ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ የአሜሪካ የጡረታ ሒሳብ ግብር ሳይነካው በኢትዮጵያ ወዳለ የጡረታ ዐቅድም ሆነ የባንክ ሒሳብ ሊዛወር አይችልም፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚላከው ገንዘብ እንደወጣ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው የትም ቢኖር በአሜሪካ ግብር ያስታውቃል። ዜግነት የሌለውና ግሪን ካርዱን መልሶ በግብር ሕጉ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ደግሞ በመርህ ደረጃ ከሚወጣው ገንዘብ 30 በመቶ ይቀነስበታል። በአንዳንድ አገሮች ይህን ቅናሽ የሚያሳንሰው የገቢ ግብር ስምምነት ነው፤ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። ሦስተኛ፣ ለመመለስ ሲባል ሒሳብን መዝጋት ግዴታ አይደለም። ቁጠባው እዚያው ሊቆይ ይችላል፤ ነገር ግን በውጭ አገር አድራሻ የተመዘገበን ደንበኛ አገልግሎት የሚገድቡ ተቋማት ስላሉ ይህን ከጉዞ በፊት ማጣራት ያስፈልጋል። አራተኛ፣ እ.ኤ.አ ከ1951 እስከ 1959 የተወለደ ባለሒሳብ በአጠቃላይ ከ73 ዓመቱ፣ በ1960 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ደግሞ ከ75 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ የተወሰነ መጠን ማውጣት ይጠበቅበታል። ይህን ሳያደርግ የቀረ ሰው ማውጣት ከነበረበት ገንዘብ 25 በመቶ ሊቀጣ ይችላል፤ ስህተቱን በወቅቱ ካረመ ወደ 10 በመቶ ዝቅ ይልለታል።

የመውጫ ክፍያ የግለሰብ ጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ፖሊሲም ጉዳይ መሆኑን የሌሎች አገሮች ልምድ ያሳያል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ ከሐምሌ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ከጡረታ ፈንድ ለመውጣት የሚጠየቀውን ክፍያ በሕግ ከልክላለች። በዚያው ጊዜም 6 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ባልሞሉ ሒሳቦች ላይ የሚታሰበው የአስተዳደርና የመዋዕለ ንዋይ ክፍያ በዓመት ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ወስናለች። ብሪታንያ እ.ኤ.አ ከመጋቢት 31 ቀን 2017 ጀምሮ ቀድሞ በተፈረሙ የግል ጡረታ ውሎች 55 ዓመት የሞላቸው ቆጣቢዎች የሚጠየቁት የመውጫ ክፍያ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ፣ በአዲስ ውሎች ደግሞ ጨርሶ እንዳይኖር አድርጋለች። አሜሪካ በበኩሏ ክፍያውን ከመገደብ ይልቅ እ.ኤ.አ በ2012 ሥራ ላይ በዋለው መመሪያ በአሠሪ በኩል የሚከፈቱ ዐቅዶች ክፍያዎቻቸውን ለሠራተኞች በግልጽ እንዲያሳውቁ የሚያስገድደውን መንገድ መርጣለች። ማሳወቅ ጠቃሚ ቢሆንም የሚጠቅመው የተላከለትን ወረቀት ለሚያነብ ሰው ነው።

እነዚህ ልምዶች ለእኛም ባዕድ አይደሉም። በአገራችን የፕሮቪደንት ፈንድ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞች ሥራ ሲለቁ በስማቸው የተጠራቀመውን ገንዘብ የመውሰድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። በግለሰብ ስም የሚያዝ ቁጠባ በኖረ ቁጥር መግቢያው ብቻ ሳይሆን መውጫውም በውሉ ውስጥ አስቀድሞ በግልጽ ሊሠፍር እንደሚገባ፣ ቁርጥ ያለ የመውጫ ክፍያም ዝቅተኛ ደመወዝተኛውን ይበልጥ እንደሚጎዳ ከተጠቀሱት አገሮች ልምድ መረዳት ይቻላል።

እስከዚያው ድረስ ግን በአሜሪካ የጡረታ ሒሳብ ያለው ሰው፣ ወይም እርሱን የሚያማክር ባለሙያ፣ ከመፈረሙ በፊት ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ሊያገኝ ይገባል። ተቋሙ ለመዝጋትና ለማዛወር ስንት ያስከፍላል? የውል ማቋረጫ ክፍያ ካለ መቼ ያበቃል? የአሠሪው ድርሻ ሙሉ በሙሉ ጸንቷል ወይ? ያልተከፈለ ብድር አለ ወይ? ቼኩስ በማን ስም ይጻፋል? መልሶቹንም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ማግኘትና የአሜሪካን የግብር ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ ማማከር ይበጃል።

በጥቅሉ ሲታይ 75 ዶላር የማዛወሪያ ክፍያን በመሸሽ ሒሳቡን ዘግቶ ገንዘቡን በእጁ የሚቀበል ሰው በምሳሌው እንደታየው 12 ሺህ 800 ዶላር ሊከፍል ይችላል። የጡረታ ቁጠባ የሚጠራቀመው በሃያና በሠላሳ ዓመት ድካም ነው፤ የሚወጣው ግን በአንድ ፊርማ በመሆኑ ከፊርማው በፊት የሚደረገው ማጣራት ለቁጠባው የተደረገውን ያህል ትዕግሥት ይገባዋል።